ደርሶ መልስ

ፒያሳ ነው ቢሮው፣ ከፎቶ ቤት በላይ፣
ሁለት ወንበር ብቻ፣ አንድ መስኮት ፀሐይ።
ትርንጎ ትባላለች ትኬት የምትቆርጠው፤
ከልጄ ታንሳለች፣ ጣቷ ግን ፈጣን ነው።
«ከየት ነው የሚነሡት?»
«ከዚሁ፣ ከአዘዞ።»
«ወዴት ነው?» ዝም አልኩኝ፤ ጉሮሮዬን ይዞ
አርባ ዓመት የኖረ የአንዲት ደሴት ስም
ቶሎ አልወጣ አለ፤ ግድግዳዋ ላይ ካለው ካርታም የለም።

«ኩባ፣» አልኳት ኋላ፣ «ከኩባም ዝቅ ብሎ፣
ካሪቢያን ባሕር ላይ እንደ ፍርፋሪ ተጥሎ
አንድ መሬት አለ።»
ጋቢዬን አየችው፣ ከዘራዬን አየች፣
ምንም ሳትጠይቀኝ ፊደል ለቀመች፦

«ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ከቀትር፤
ሌሊቱን ማድሪድ ነው፣ ሰማይ ላይ ማደር፤
ማድሪድ ዐሥራ አንድ ሰዓት መጠበቅ አይቀርም፤
ከዚያ ሃቫና። ከዚያ ወዲያ… የኔ ማሽን አያውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ያለው እኔ ጋ ነው ያለው፦
ወደቡ፣ ዝገቱ፣ የናፍጣ ሽታው፣
ጀልባው፣ አንጀት ድረስ የሚያጥወለውለው፤
ከዚያ ረድፍ በረድፍ የፍሬ ዛፍ ብቻ፤
ጠዋት ለደብተር ነው፣ ከሰዓት ለለቀማ ዘመቻ።
ፍሬው ቢጫ፣ ጎምዛዛ፤ ስሙ የእሷን ስም ይመስላል፤
ልነግራት አሰብኩና፣ ሽማግሌው ቀለለ ይባላል
ብዬ ተውኩት።

በሰባ አንድ ስሄድ ማንም አልጠየቀኝ።
አባቴ ኦጋዴን ቀርቶ፣ ቀበሌው መዘገበኝ፤
አሰብ ላይ መርከብ ቆሞ ስም ጠሪው ጠራኝ፤
በአሥራ አራት ዓመቴ፣ በማላውቀው ጫማ፣
«አቤት» ብዬ ወጣሁ፤ ሌላ ዕቅድ አልተሰማ።
ጣናን ያየሁ ልጅ ነኝ፣ ውኃ አይደንቀኝም ባይ፤
በሦስተኛው ቀን ዳር ጠፋ፣ ውኃ ሆነ ሰማይ።

እኔ ተመለስኩኝ። ሸጋው እዚያው ቀረ፣
አገባ፣ ወለደ፣ አናጢ ሆነ፣ አረጀ፣ ከበረ።
ባለፈው ደወለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤
መስመሩ ነው ብዬ፤ ለካስ ቋንቋው ኖሯል።
«አማርኛ አለቀብኝ፤ ቆጠርኩት፤ አርባ ቃል
ቢቀረኝ ነው፤ ‹ማታ›፣ ‹እናቴ›፣ ‹ይበቃል›…
ምንም አታምጣልኝ፤ በርበሬም አልፈልግ፤
መጥተህ ስደበኝ እንጂ፣ በአራዳ ልጅ ወግ።»

ትርንጎ ስለ ሻንጣ ታስረዳኛለች፤
«ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ሁለት ነው» ትላለች።
ስድብ ስንት ይመዝናል? እኔ አስባለሁ፤
ከቀሐ ማዶ የሰማሁትን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፦
‹አንተ ቅንቡርስ›፣ ‹የሰነፍ ጅራት›፣ ‹ቅል ራስ›፤
ስንቅ ይሆናል፣ እስከ ደጁ ድረስ።

ዋጋውን ጻፈችልኝ፣ በብጣሽ ወረቀት።
ዜሮውን ቆጠርኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት።
ጡረታዬ ጫፉንም አይነካ። ግን ከጓሮዬ ዳር
የተከልኩት አለ፣ ቁመናው የሚያምር።
ባሕር ዛፉን ሸጬ ባሕር ልሻገር።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ፦ «የት ነህ? ውኃ መጣ!
በአሥራ አንድ ቀኑ! ቶሎ ና፣ ጀሪካኑን አውጣ፣
ሳይሄድብን!»
ተነሣሁ።
«አባባ፣» አለች ትርንጎ፣ «ዋጋው እስከ ነገ ረፋድ ነው፤
አንዱን ይንገሩኝና ልያዘው፦
መሄጃ ብቻ ነው፣ ወይስ ደርሶ መልስ?»
በሩ ላይ ቆምኩኝ። ያኔ ያልተጠየቅሁት፣ አሁን፣ ጥርሴ ረግፎ ሲደርስ።
«ደርሶ መልስ፣» አልኳት፣ «ልጄ፣ ደርሶ መልስ።
ጀሪካኑን ማን ይሞላል፣ እኔ ባልመለስ?»